ምሰሶና ችግኝ፦ በከተማ ድሆች መካከል ቤተ ክርስቲያን ስለ መትከል
(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የታረመ)

 

የተሰጠኝ ርእስ በከተማ ድሆች መካከል ቤተ ክርስቲያንን መትከልና ማሳደግ የሚል ነው። በዚህ ጉዳይ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ታላላቅ ከተሞች ነው። እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁት በዳባት፣ ኋላም የኖርሁት በደባርቅ ስለ ሆነ፣ የማላውቀውን ከማውራት የማውቀውን መናገር ይሻላል ብዬ ወደ ስሜን ግርጌ ተመልሻለሁ። ትንሽ ከተማም ድሃ አላት። እንዲያውም በትንሽ ከተማ ድሃውና ባለጸጋው በአንድ ደብር ስለሚሳለሙ፣ በአንድ ግቢም ስለሚቀበሩ፣ ነገሩ ገሃድ ሆኖ ይታያል።

ከቃሉ ልጀምር። «መትከል» የሚለውን ቃል ከማንም አልተዋስነውም። ባላገሩ አዲስ ደብር ባየ ጊዜ «ይህን ታቦት ማን ተከለው?» ብሎ ይጠይቃል። ነገር ግን በአማርኛችን የሚተከለው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። ምሰሶ ይተከላል፤ ችግኝም ይተከላል። ምሰሶ የተተከለ ዕለት ሥራው አለቀ፤ ከዚያ በኋላ የሚጠበቅበት ባለበት መቆም ብቻ ነው። ችግኝ ግን የተተከለ ዕለት ሥራው ገና ተጀመረ፤ ውኃ የሚያጠጣው፣ ከከብት የሚጠብቀው፣ ዙሪያውን የሚኮተኩትለት ሰው ይፈልጋል። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ በከተሞቻችን ቤተ ክርስቲያንን የምንተክላት እንደ ምሰሶ ነው ወይስ እንደ ችግኝ የሚል ነው። መልሱን ለማግኘት ደግሞ በቅድሚያ ተካዩ ማን እንደ ነበረ፣ ቀላቢውስ ማን እንደ ነበረ ማየት ያስፈልጋል።

በጎንደርና በስሜን ታሪክ የታወቁት ተካዮች ነገሥታትና መኳንንት ናቸው። የጎንደር ነገሥታትና እቴጌዎች ታቦት ሲተክሉ ከታቦቱ ጋር መሬት ይሰጡ ነበር። ቀዳማዊ ኢያሱ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋምን እንዲሁ ተክለዋል። በስሜን ደግሞ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ደረስጌ ማርያምን አሠሩ። ደጃዝማች ውቤ ለዘውዳቸው ያሰቡት ሥፍራ ነበር ይባላል፤ ነገር ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. ድል ሆነው፣ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ካሣ ኃይሉ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ።

ደረስጌን ያነሣሁት ለአንድ ምክንያት ነው። በዚያ የነገሡት ንጉሥ ብዙም ሳይቆዩ ለካህናቱ ከባድ ጥያቄ አቀረቡ። ቅዳሴ የሚቀደሰው በአምስት ልዑካን ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ይበቃሉ፤ ከዚያ የተረፈው መሬት ለመንግሥትና ለገባሩ ይዋል አሉ። ንጉሡን ከቤተ ክህነት ጋር ያቃቃራቸው አንዱ ዐቢይ ጉዳይ ይህ ነው። እኔ እዚህ በንጉሡና በካህናቱ መካከል ዳኛ ልሆን አልመጣሁም። በአምስት ሰው ብቻ የምትኖር ቤተ ክርስቲያን ዜማውን፣ ቅኔውን፣ ትርጓሜውን ማን ያስተምርላታል ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። ነገር ግን የጥያቄው ፍሬ ነገር እስከ ዛሬ ሕያው ነው፦ የቤተ ክርስቲያንን እንጀራ የሚጋግረው ማን ነው? የሚበላውስ ማን ነው?

ከ1967 ዓ.ም. በፊት መልሱ «መሬት» የሚል ነበር። ካህኑ የሚያገለግልበት መሬት ነበረው፤ ወይም የቤተ ክርስቲያኒቱ ጉልት ግብር ይገባ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ያ ሥርዓት በአንድ ቀን ተቆረጠ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በዚያን ጊዜ ያልወደቀችው አስቀድሞ የተዘጋጀ አንድ ነገር ስለ ነበራት ነው። በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች በአንድነት የሚመክሩበትን ሰበካ ጉባኤ አቋቁሞ ነበር። ምእመኑ በአጥቢያው ይመዘገባል፤ ዓመታዊ አስተዋጽኦ ይከፍላል፤ ደብሩም በዚያ ይተዳደራል። የመሬት ቤተ ክርስቲያን የአባላት ቤተ ክርስቲያን ሆነች።

ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ታላቅነቱንም ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ከነገሥታቱ ጀምሮ በባለ ሥልጣን እጅ የነበረውን ተካይነት ለምእመኑ ያወረሰ ሥርዓት ነው። ነገር ግን አንድ ያልታሰበ ውጤት አመጣ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በመሬት ስትኖር ድሃው ባይከፍልም አይጎድልባትም ነበር። በመዋጮ መኖር ስትጀምር ግን የማይከፍል ሰው በመዝገቧ ላይ ባዶ ቦታ ሆነ። ይህን ከመጽሐፍ አልተማርሁትም፤ በልጅነቴ በዓይኔ ያየሁት ነው። እንድነግራችሁ ፍቀዱልኝ።

ዳባት በተከራየንበት ግቢ፣ ከእናቴ ክፍል ጎን ባለች ጠባብ ቤት፣ አንዲት እማሆይ ይኖሩ ነበር። ባላቸው ሞተው፣ ልጆች ሳይኖሯቸው፣ ቆብ ደፍተው ከገጠር የመጡ ናቸው። ጥጥ ይፈትላሉ፤ ፈትሉንም ለሸማኔ ይሸጣሉ። እናቴ ጠላ ጠምቃ ስትሸጥ፣ እርሳቸው እኔንና እኅቴን ይጠብቁን ነበር። ጾም አይሽሩም፤ ኪዳን አያስታጉሉም። አንድ የክረምት ሌሊት ዐረፉ።

ሲነጋ እናቴና ሌሎች ጠላ ሻጮች ለመቃብር ወደ ደብሩ ሄዱ፤ እኔም ተከተልሁ። በጽሕፈት ቤቱ የተቀመጠው ሰው የሰበካ ካርዳቸውን ጠየቀ። ካርዱ ተገኘ፤ ነገር ግን የሦስት ዓመት ክፍያ አልተከፈለበትም። ያልተከፈለው ካልተከፈለ መቃብር መፍቀድ አልችልም አለ። ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ኋላ እንደ ሰማሁት ደብሩ በዚያ ወር ለዲያቆናቱ ደመወዝ መክፈል አቅቶት ነበር። ሴቶቹ ከመቀነታቸው እየፈቱ ሳንቲም ማዋጣት ጀመሩ። አልሞላም። እናቴ «ታዲያ በደጃፉ ላይ እናስተኛቸው?» ስትል ትዝ ይለኛል።

በዚህ መካከል የእማሆይ የንስሐ አባት ደረሱ። ያረጁ ቄስ ናቸው፤ ጫማቸው ጭቃ ነው። ነገሩን ከሰሙ በኋላ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ወደ ጠረጴዛው ቀርበው «የነፍስ ልጄ ናት። ዕዳዋን በእኔ ስም ጻፈው» አሉ። ጸሐፊው ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ ጻፈ። እማሆይም ከቀትር በፊት ተፈትተው፣ በሚገባ ጸሎት ተቀበሩ።

በዚያ ጠዋት ሁለት ቤተ ክርስቲያን በአንድ ክፍል ውስጥ ቆመው አይቻለሁ። አንዲቱ የማትዋሽ፣ የማትሰርቅ፣ ነገር ግን ካርድ የምትቆጥር ናት። ሁለተኛዪቱ ደግሞ «ልጄ ናት» የምትል ናት። ሁለቱም አንድ ታቦት ያላቸው፣ አንድ ቅዳሴ የሚቀድሱ ናቸው። በከተማ ድሆች መካከል ቤተ ክርስቲያንን መትከል ማለት ሁለተኛዪቱ በመጀመሪያዪቱ መዝገብ ላይ እንድትጻፍ ማድረግ ነው፤ የዛሬው ንግግሬ ጠቅላላ ሐሳብ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ደባርቅ እንውጣ። የዛሬው የደባርቅ ድሃ ማን ነው? አንዱ ከገጠር የመጣ ወጣት ነው። የአባቱ መሬት ለወንድሞቹ ተከፋፍሎ ስላለቀ የቀን ሥራ ሊፈልግ መጥቷል። ሁለተኛው ኑሮው በፓርኩ የታሰረ ሰው ነው፤ በቅሎ የሚነዳ፣ ጓዝ የሚሸከም፣ ለእንግዳ ምግብ የሚያበስል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ሥፍራዎች አንዱ ነው፤ ነገር ግን ወረርሽኙና ጦርነቱ ተከታትለው እንግዳው ሲቀር፣ ይህ ሰው ከነበቅሎው ሥራ ፈታ። ሦስተኛው የግጭ ሰው ነው። በፓርኩ ውስጥ በከፍታው ሜዳ ላይ የነበረው የግጭ መንደር በ2008 ዓ.ም. ገደማ ሲነሣ፣ ከአራት መቶ በላይ አባወራዎች በደባርቅ ከተማ ዳር እንዲሰፍሩ ተደርገዋል። ገብስ ዘርቶ፣ በግ አርብቶ የኖረ ገበሬ በአንድ ጊዜ የከተማ ሰው ሆነ።

አራተኛው የጦርነት ተፈናቃይ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ በአዲአርቃይ በኩል ወደ ሊማሊሞ ሲገፋ፣ ብዙ ሺህ ሰው ዳገቱን ወጥቶ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ገባ፤ በትምህርት ቤቶችም ተጠለለ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ማብቂያ በዳባት ወረዳ በጭና ተክለ ሃይማኖት የተገደሉትን ሰላማዊ ሰዎች እዚህ ያለን ሁላችን እናስታውሳለን። ቀበሌው ራሱ በታቦቱ ስም የሚጠራ ነው፤ ሰውና ደብር በአንድ ስም የሚጠሩበት አገር ማለት ነው። አምስተኛው ደግሞ ከትግራይ መጠለያዎች ወጥቶ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዳባት አቅራቢያ በዓለምዋጭ የሰፈረው ኤርትራዊ ስደተኛ ነው።

እነዚህ ሁሉ በምን ይመሳሰላሉ? ገንዘብ በማጣት ብቻ አይደለም። ከአጥቢያቸው በመነቀል ይመሳሰላሉ። በገጠር ያለ ድሃ፣ ምንም ቢቸግረው፣ የሚያውቀው ደብር አለው፤ አያቱ የተቀበሩበት ግቢ አለው፤ ስሙን የሚያውቅ የንስሐ አባት አለው። ወደ ከተማ የገባ ዕለት እነዚህን ሁሉ ያጣል። ቅዳሜ ማታ ድካሙን ይዞ ሲገባ፣ ነገ የትኛው ደብር የእርሱ እንደ ሆነ አያውቅም። በትልቁ በዓል ወደ አንዱ ይሄዳል፤ ከበር ቆሞ ይሳለማል፤ ይመለሳል። ሲታመም ማን ይጠይቀዋል? ልጁ ክርስትና ሲነሣ ማን ያነሣለታል? ሲሞትስ ማን «የነፍስ ልጄ ነው» ይለዋል?

ስለዚህ በከተማ ዳር አዲስ ቤተ ክርስቲያን ይተከል የሚል ጥያቄ ሲነሣ፣ ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከሕንፃ ነው። ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ቦታ ይጠየቃል፤ ከነጋዴና በውጭ አገር ካሉ ልጆቻችን ገንዘብ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶና ብረት ይገዛል። ይህን አልነቅፍም፤ ሕዝቡ ጸሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ቅዳሴ ማስቀደስ የለበትም። ነገር ግን ሕንፃው ተጀምሮ እስኪያልቅ ዐሥር ዓመት ሲፈጅ፣ በዚያ ዐሥር ዓመት የአካባቢው ድሃ የሚሰማው ስብከት አንድ ብቻ ይሆናል፦ አምጣ። ምሰሶው ቆመ፤ ችግኙ ግን ውኃ አላገኘም።

የሚያስደንቀው ነገር በራሳችን ትውፊት ውስጥ ችግኙን የሚያጠጡ ሥርዓቶች ሳይጎድሉን መሆኑ ነው። አራቱን ብቻ ላንሣ።

መጀመሪያው የንስሐ አባት ነው። ይህ ግንኙነት በሕንፃ፣ በካርድ፣ በደመወዝ የማይታሰር የሰውና የሰው ቃል ኪዳን ነው። የንስሐ አባት የልጁን ቤት ያውቃል፤ ጓዳውን ያውቃል፤ በማን እንደ ተጣላ ያውቃል። በከተማ ግን አንድ ካህን ከሚችለው በላይ የነፍስ ልጆች ይይዝና ባለጸጋውን ብቻ የሚጎበኝ ይሆናል፤ ድሃው ጸበል ጸዲቅ የሚያቀርብበት ስለሌለው ይረሳል። ለአዲስ ሰፋሪ በመጣ በአጭር ጊዜ ውስጥ የንስሐ አባት የሚመድብ አጥቢያ፣ አንድ ሳንቲም ሳያወጣ ግማሹን ቤተ ክርስቲያን ተከለ ማለት ነው።

ሁለተኛው ሰንበቴ ነው። ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ተቀምጦ እንጀራና ጠላ መካፈል ጥንታዊ ልማድ ነው። በመሠረቱ ሰንበቴ ነዳያንን የሚያስቀምጥ ማዕድ ነበር። ዛሬ በብዙ ቦታ አባላቱ ውስጥ ተቀምጠው ይበላሉ፤ ነዳያን ከደጅ ቆመው የተረፈውን ይጠብቃሉ። ማዕዱ ያው ነው፤ የተለወጠው የአቀማመጡ ሥርዓት ነው። ድሃን ከደጅ የምንመጸውተው ከሆነ ምጽዋት ሰጠን፤ ከጎናችን ካስቀመጥነው ግን አባል አደረግነው። በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል ያለው ርቀት የአንድ መድረክ ስፋት ብቻ ነው፤ እርሱን ግን ብዙ ዘመን አልተሻገርነውም።

ሦስተኛው ዕድር ነው። ዕድር የቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ የከተማ ሰው ከአጥቢያው ተነቅሎ ሲመጣ ራሱ ያበጀው መሣሪያ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በየከተማው የተስፋፋው ዕድር፣ ለድሃው ከደብሩ ይልቅ የቀረበ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ድንኳኑም፣ ድስቱም፣ ለቅሶ ደራሹም ከእርሱ ዘንድ ነውና። ቤተ ክርስቲያን ከዕድር መማር ያለባት ነገር አለ፤ ዕድር አባሉ በሞተ ዕለት ወረፋ አያስጠብቅም። ዕድር ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መማር ያለበት ነገር አለ፤ መዋጮ መክፈል ያቃተውን ሰው ከመዝገብ መፋቅ ለሰው ሥርዓት ቢፈቀድ እንኳ ለክርስቲያን አይገባም።

አራተኛው የአብነት ትምህርት ቤት ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ የሚለምነው የቆሎ ተማሪ የሚበላው የማንን እንጀራ ነው? በአብዛኛው የድሃውን ነው። ባለ ግንብ አጥሩ ቤት በሩ ዝግ ነው፤ ውሻውም አያስጠጋም። ክፍት የሆነው የጠላ ሻጯና የቀን ሠራተኛው በር ነው። ዛሬ በመንበር የሚቀመጡ ሊቃውንት በልጅነታቸው የበሉት ቁራሽ የእነዚያ ሰዎች ነው። ትውፊታችን ቅዱስ ያሬድ በስሜን ተራሮች ተሠወረ ይላል፤ አንዱ ታላቅ ተራራም አባ ያሬድ ይባላል። የእርሱ ዜማ ከዘመን ወደ ዘመን የተሸጋገረው በነገሥታት ጉልት ብቻ አይደለም፤ ከድሃ ሌማት በተቆረሰ እንጀራም ነው። ስለዚህ «ድሃውን እንዴት እንርዳው?» ከማለታችን በፊት «ድሃው ስንት ዘመን ረዳን?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። በከተማ ድሆች መካከል ቤተ ክርስቲያን ስንተክል አዲስ ነገር ይዘንላቸው እየሄድን አይደለም፤ የቀለቧትን ቤት በር እየከፈትንላቸው ነው።

ስለ ሌሎች ክርስቲያን ወገኖቻችን ሳልናገር ባልፍ ንግግሬ ጎዶሎ ይሆናል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በአማራ ክልል ከመቶ 82 ያህሉ ኦርቶዶክሳዊ ሲሆን፣ የወንጌላውያን ቁጥር ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። በእኛ አካባቢ ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን በአገር ደረጃ ካለፉበት ታሪክ የምንማረው አለ። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ መንግሥት ተዘግታ፣ ሕንፃዎቿ ተወርሰው፣ መሪዎቿ ታሰሩ። አባላቱ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ መሰብሰብ ጀመሩ። በ1983 ዓ.ም. በሩ ሲከፈት ቁጥራቸው ከተዘጉበት ጊዜ በብዙ እጥፍ አድጎ ተገኘ። በትምህርተ ሃይማኖት የሚለየን ብዙ ነው፤ ያንን ለማደብዘዝ አልፈልግም። ነገር ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው፦ ያን ጊዜ ያደገው ነገር ሕንፃ አልነበረውም። ስምን የሚያውቅ፣ የታሰረውን ቤተሰብ የሚቀልብ፣ የታመመውን የሚጠይቅ ትንሽ ጉባኤ ነበር። ኦርቶዶክሳዊው ይህን ሲሰማ ሊቀና አይገባውም፤ የንስሐ አባትና የጽዋ ማኅበር ያለው ሰው ከማንም ሳይዋስ የሚሠራው ነው።

በሌላ በኩል በክልላችን ከተሞች ወንጌላውያን የመቃብር ቦታ ለማግኘት የተቸገሩበት ጊዜ እንዳለ እናውቃለን። ሰው በሕይወቱ የየትኛውም ማኅበር ቢሆን፣ አባልነቱ የሚፈተነው በመጨረሻው ቀን በመሬት ላይ ነው። እማሆይን ያስተማረኝን ጠዋት ያስታወስሁ ሰው ይህን ችግር «የእነርሱ ጉዳይ» ብዬ ማለፍ አልችልም።

ከዚሁ ጋር አንድ አደጋ ልጥቀስ። በረሃብና በስደት መካከል እንጀራ ይዞ የሚመጣ ሰው ትልቅ ሥልጣን አለው። ከተፈናቀሉት ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ከግጭ የመጡት አብዛኞቹ ደግሞ ሙስሊሞች ናቸው። ዱቄት እየሰፈሩ ሃይማኖት መጠየቅ፣ ወይም ዘይት እየሰጡ ማተብ ማስበጠስ፣ ማንም ያድርገው ማን፣ ድሃውን ሁለት ጊዜ መዝረፍ ነው። አንድ ጊዜ ኑሮው ዘረፈው፤ ሁለተኛ እኛ ኅሊናውን ዘረፍነው። ቤተ ክርስቲያን በድሆች መካከል ከተተከለች ለጎረቤቱ ሙስሊም ድሃም ጥላ ልትሆን ይገባታል። ጥላ የሚጠለልበትን ሰው ስም አይጠይቅም።

ይህ አዲስ ፍልስፍና አይደለም። ከቅዳሴዎቻችን አንዱ በስሙ የሚጠራ ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሣርያ ጽኑ ረሃብ በሆነ ጊዜ የባለጸጎችን ጎተራ በስብከቱ አስከፈተ፤ ኋላም ከከተማዪቱ ውጭ ለድሆች፣ ለሕሙማንና ለእንግዶች ማረፊያ ሠራ። ሰዎች አዲሲቱ ከተማ እስከ ማለት ደረሱ ይባላል። ቅዳሴውን ተቀብለን ማረፊያውን ከረሳነው፣ ከባስልዮስ የወረስነው እኩሌታውን ነው።

ወደ ተግባር ልመለስ። ሊቃነ ጳጳሳትን ማስተማር የእኔ ድርሻ አይደለም፤ እንደ አንድ ምእመንና እንደ አንድ ተመራማሪ ግን ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ በየአጥቢያው መዝገብ መክፈል የማይችለው ሰው ከሚከፍለው እኩል ይጻፍ። ገንዘብ የሌለው ጉልበት አለው፤ ግቢ ይጠርጋል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ድንጋይ ያነሣል። ጉልበትም የሌለው ጸሎት አለው። የእማሆይ የሦስት ዓመት ኪዳን በየትኛው ደረሰኝ ይመዘናል?

ሁለተኛ፣ መቃብር አስቀድሞ፣ ሒሳብ ኋላ ይሁን። ለዚህ የሚሆን አነስተኛ የመጠባበቂያ ገንዘብ ማኅበራትና ዕድሮች ተባብረው ቢያኖሩ፣ ያ ጸሐፊም ከኅሊናው ጋር አይጣላም፤ ዲያቆኑም ደመወዙን አያጣም። ይህን የምለው የደብሩን ችግር ሳልዘነጋ ነው። ካህኑም በአብዛኛው ድሃ ነው፤ ድሃን በድሃ ላይ ማስከፈል መፍትሔ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ በአዲስ ሰፈር ሕንፃ ከመጀመሩ በፊት ሰው ይቆጠር። ማን መጣ? ከየት መጣ? ማን ሕፃን አለው? ማን ታሟል? የንስሐ አባት የሌለው ማን ነው? ይህን የሚያደርጉ ሁለት ካህናትና ጥቂት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይበቃሉ። ተማሪዎቼ፣ ይህ ለእናንተም ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣን የምትሉ፣ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ወጥታችሁ ጥቂት ደቂቃ ብትሄዱ፣ ማንም ያልጻፈው መዝገብ ይጠብቃችኋል።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «ይህ ሁሉ ከተደረገ ቤተ ክርስቲያን የእርዳታ ድርጅት ልትሆን ነው» የሚል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። የእርዳታ ድርጅት ሰውን የሚመዘግበው የሚያጣውን ለማወቅ ነው፤ እርዳታው ሲያልቅ መዝገቡም ይዘጋል። ቤተ ክርስቲያን ሰውን የምትመዘግበው የክርስትና ስሙን ለማወቅ ነው። ያንን ስም በቅዳሴ ትጠራዋለች፤ በፍትሐት ትጠራዋለች፤ በአርባው፣ በሰማንያው፣ በሙት ዓመቱ ትጠራዋለች። በከተማ ድሃ የሆነ ሰው ስሙን የሚጠራው የለም፤ «አንተ ተሸካሚ»፣ «አንቺ ጠላ ሻጭ»፣ «ተፈናቃዩ» ይባላል። የክርስትና ስሙን የምታውቅ አንዲት ቤት በከተማው ካለች፣ ያ ሰው ተነቅሎ አልቀረም፤ ተተክሏል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደዚያ የዳባት ግቢ ተመልሼ ነበር። የንስሐ አባትየው ካረፉ ቆይተዋል። ዕዳው በስማቸው የተጻፈበት መዝገብ የት እንደ ደረሰ አላውቅም፤ ተከፍሎ እንደ ሆነም አልጠየቅሁም። የእማሆይ መቃብር ምልክት የለውም፤ እናቴ ግን ቦታውን ታውቀዋለች። ከግድግዳው ጥግ፣ ከጽዱ ሥር ነው። ጽዱ አድጓል። ማን እንደ ተከለው ጠየቅኋት፤ «እንጃ ልጄ፤ ሰዉ ነዋ የሚያጠጣው» አለችኝ።

 ጥያቄና ተግሣጽ ካለ በደስታ እቀበላለሁ።